አንድ ወገን የሚይዝ የእንግሊዝኛ ድርሰት እንዴት ይጻፋል?

በአማርኛ ክፍለ ጊዜ የድርሰት ዓይነቶችን ስንማር ተራኪ፣ ገላጭ፣ ስዕላዊና አመዛዛኝ እያልን ነው ያለፍነው። የመከራከሪያው ድርሰት «አመዛዛኝ» ተባለ። ስሙ መልካም ነው፤ አስተዋይ ሰው ሁለቱንም ጎን አይቶ ይፈርዳል። ችግሩ የሚመጣው እንግሊዝኛ ፈተና ላይ ነው። ብዙ ተፈታኝ ግማሹን ገጽ ለደጋፊ፣ ግማሹን ለተቃዋሚ ያካፍልና «ሁለቱም ጥቅምና ጉዳት አላቸው» ብሎ ይዘጋል። የተጠየቀው ግን የእሱ አቋም ነበር።

እዚህ የማስረዳዎ አንድ ወገን ይዞ እስከ መጨረሻው ስለሚሟገት ድርሰት ነው። ለምሳሌ አይኤልትስን እወስዳለሁ። ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄዱ ሰዎች የሚፈተኑት የእንግሊዝኛ ፈተና ነው። የጽሑፍ ክፍሉ 60 ደቂቃና ሁለት ሥራዎች አሉት። ሁለተኛው ሥራ «ታስክ ቱ» ይባላል፤ ድርሰት ነው። ቢያንስ 250 ቃላት ይጠይቃል፤ 40 ደቂቃ ያህል እንዲሰጡትም ይመከራል። ከመጀመሪያው ሥራ እጥፍ ክብደት ስላለው ጊዜ ቢያጥርዎት የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው።

«አንድ ወገን ብቻ ብይዝ ነጥብ አይቀነስብኝም?» ይሉ ይሆናል። መልሱ ጥያቄው ላይ ተጽፎ ይገኛል። «ቱ ዋት ኤክስተንት ዱ ዩ አግሪ ኦር ዲስአግሪ» የሚል ከሆነ፣ ማለትም ምን ያህል እንደሚስማሙ ወይም እንደማይስማሙ ከጠየቀ፣ ሙሉ በሙሉ መስማማትም መቃወምም ይፈቀዳል። «ዲስከስ ቦዝ ቪውስ» ካለ ግን ሁለቱንም አስተያየቶች አንሥተው እንዲያብራሩ ታዘዋል ማለት ነው። እዚያ አንዱን ብቻ ይዞ መሄድ ጥያቄውን በግማሽ መመለስ ነው፤ ነጥብም ያስቀንሳል። ስለዚህ ብዕር ከማንሣትዎ በፊት የጥያቄውን የመጨረሻ መስመር ሁለት ጊዜ ያንብቡ።

የትኛውን ወገን ልያዝ? ብዙ የሚሉበትን። አራሚው የልብዎን እምነት አይመዝንም። የሚያየው አራት ነገሮችን ነው፤ ጥያቄው መመለሱን፣ ሐሳቡ ተያይዞ መሄዱን፣ የቃላት ሀብትዎንና ሰዋስውዎን። አራቱም እኩል ነጥብ አላቸው። ወረቀቱን ለሁለት ይክፈሉና በአንድ በኩል የድጋፍ፣ በሌላ በኩል የተቃውሞ ምክንያቶችን በሁለት ደቂቃ ይጫሩ። በእንግሊዝኛ ቃል የሚያገኙለትንና ምሳሌ የሚመጣልዎትን ወገን ይምረጡ። ከመረጡ በኋላ ወደ ኋላ አይመለሱ። አሥራ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ሐሳቡን የሚለውጥ ሰው ሁለት ግማሽ ድርሰት ይዞ ይወጣል።

አሁን ወደ መግቢያው እንሂድ። አቋምዎን የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ቴሲስ» ይሉታል። የድርሰቱ ሁሉ ማሰሪያ ነው፤ ቦታውም መጀመሪያው አንቀጽ ነው። ይህ ለእኛ ቀላል አይደለም። እኛ ዘንድ ነገርን ከሩቅ አንሥቶ መምጣት ጨዋነት ነው። ሽማግሌ ሲናገር ዙሪያውን ዞሮ ይደርሳል፤ ባለቅኔም ወርቁን ከሰሙ ሥር ያኖረዋል። እኔም የምወደው ልማድ ነው። የእንግሊዝኛ ድርሰት አንባቢ ግን ወርቁን በመጀመሪያው አንቀጽ ይጠብቃል። ሮበርት ካፕላን የተባለ አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ የእንግሊዝኛ አንቀጽ ቀጥ ባለ መስመር እንደሚጓዝ፣ በሌላ ቋንቋ ያደጉ ጸሐፊዎች ግን በሌላ መንገድ እንደሚመጡ ገልጾ ነበር። ነገሩን ከልክ በላይ አጠቃልሎታል ተብሎ ብዙ ተተችቷል። ቢሆንም አንድ ነገር ያስታውሰናል፤ ዙሪያውን መሄድዎ ልማድ ነው፣ ልማድ ደግሞ ለ40 ደቂቃ ሊቀየር ይችላል።

መግቢያው ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ጥያቄው «የከተማ መሃል ለግል መኪና ዝግ መሆን አለበት» የሚል ነው እንበል። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጉዳዩን በራስዎ ቃላት ይድገሙት። ቃል በቃል መገልበጥ ምንም አያስገኝም። በሁለተኛው አቋምዎን ከነምክንያቱ ያስቀምጡ፦ «በሙሉ እስማማለሁ፤ ምክንያቱም መንገዱ ለብዙ ሰው ይደርሳል፣ እግረኛውም ከአደጋ ይጠበቃል።» ሁለት ምክንያት ጠሩ። ቀጥለው የሚጽፏቸው ሁለት አንቀጾች የእነዚሁ ናቸው።

አንቀጾቹ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ድርሰት የሚወድቀውም የሚነሣውም እዚህ ነው። ካረምኋቸው ረቂቆች ውስጥ ደጋግሞ ያጋጠመኝ እንዲህ ያለ አንቀጽ ነው፦ «መኪና አየር ይበክላል። ጩኸት አለው። አደጋም ያደርሳል። ነዳጅ ውድ ነው። ስለዚህ መታገድ አለበት።» አራት ምክንያት አለ፤ አንዱም አልተብራራም። አንባቢው ስለ እያንዳንዱ «እንዴት?» ብሎ ይጠይቅና መልስ ሳያገኝ ወደ ሌላው ይወሰዳል።

በአማርኛ ክፍል የተማርነው «ኃይለ ቃል» እዚህ ይረዳል። ኃይለ ቃል የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የሚሸከመው ዓረፍተ ነገር ነው፤ በእንግሊዝኛ «ቶፒክ ሴንተንስ» ይባላል። ከአንቀጹ ራስ ላይ ያስቀምጡት። ከዚያ ለራስዎ «እንዴት?» እያሉ ይውረዱ። «የግል መኪና ሲወጣ መንገዱ ለብዙ ሰው ይደርሳል» አሉ። እንዴት? «አንድ አውቶቡስ የሚይዘውን ቦታ ሁለት ሦስት መኪና ይሞላዋል፤ በአውቶቡሱ ውስጥ ግን በርካታ ሰዎች አሉ፣ በመኪናዎቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ አንድ አንድ ሰው ነው።» እሺ፣ ከዚያስ? «መኪናዎቹ ሲቀነሱ አውቶቡሱ አይጓተትም፤ ሠራተኛውም ጠዋት በሰልፍ የሚያጠፋው ጊዜ ያጥራል።» አንዱ ዓረፍተ ነገር ሌላውን እየወለደ ሄደ። አሳማኝነት የሚመጣው ከዚህ ሰንሰለት ነው። ትልልቅ ቃላት ሊተኩት አይችሉም።

ቀጥሎ ምሳሌ። ከሚያውቁት ቦታ ማምጣት ይቻላል፤ ጥያቄው ራሱ ከዕውቀትዎ ወይም ከገጠመኝዎ ምሳሌ እንዲሰጡ ይጠይቃል። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ለዚህ ርዕስ ጥሩ ነው፤ በተመረጠ እሑድ መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ልጆች ሲጫወቱባቸው፣ አዋቂዎች ስፖርት ሲሠሩባቸው ታይቷል። ግን ምሳሌው የሚያረጋግጠውን ልክ ይወቁ። መንገድ መዝጋት እንደሚቻልና እግረኛው እንደሚደሰት ያሳያል። በሥራ ቀን ጠዋት መጨናነቅ እንደሚቀንስ ግን አያሳይም። ስለዚህ የእግረኛው አንቀጽ ውስጥ ያስገቡት። ለንደንም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ወደ መሃሏ ከሚገቡ መኪናዎች ክፍያ ትሰበስባለች፤ ክፍያ ማለት ግን እገዳ ማለት አይደለም። «ለንደን መኪና አግዳለች» ብለው ከጻፉ የሚያውቀውን አንባቢ ያጡታል።

አራሚው ቁጥርዎን ከመዝገብ እያመሳከረ አይፈትሽም። ስለዚህ «ጥናት እንዳረጋገጠው 87 በመቶ» የሚል የፈጠራ ቁጥር እንዲያስገቡ የሚመክሩ አሉ። እኔ አልመክርም። ውሸት ለመልመድ ቀላል ነው፤ ነገ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ምንጭ ሲጠየቁ ያው ልማድ ያስጠይቅዎታል። ለ250 ቃላት ድርሰት በደንብ የተገለጸ አንድ እውነተኛ ምሳሌ ይበቃል።

«አንድ ወገን ከያዝሁ ስለ ሌላው ጭራሽ አላንሣ?» እዚህ ላይ አያቶቻችን አስተማሪዎች ናቸው። በ«በላ ልበልሃ» ሙግት ተሟጋች ዳኛ ፊት ቆሞ ለራሱ ወገን ብቻ ይከራከር ነበር፤ ነገር ግን ባላጋራው ያለውን ሰምቶ ነው መልስ የሚሰጠው። ያልሰማ አያሸንፍም። በእንግሊዝኛው ድርሰትም እንዲሁ ነው። የተቃዋሚውን ጠንካራ ነጥብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያንሡ፣ በሚቀጥሉት አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ይመልሱ። ለምሳሌ፦ «አካል ጉዳተኞችና ታማሚዎች መኪና ያስፈልጋቸዋል ይባላል። እውነት ነው፤ ስለዚህ ለእነሱ ልዩ ፈቃድ ይሰጣል፣ የተቀረውን ሰው ግን ይህ ችግር አይመለከተውም።» ቦታው ከሁለተኛው ምክንያት በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ሙሉ አንቀጽ ከሰጡት ግን ድርሰቱ እንደገና አመዛዛኝ ይሆንብዎታል። ደካማውን ተቃውሞ መርጦ መምታትም አይጠቅም፤ አንባቢው ጠንካራውን ያውቀዋል።

ስለ ቋንቋው ሁለት ነገር ልበል። የመጀመሪያው «ምንም እንኳ» ነው። በአማርኛ «ምንም እንኳ ውድ ቢሆንም፣ ግን ይጠቅማል» ብንል ጆሮ አይጎረብጥም። በእንግሊዝኛ «ኦልዞ» ብሎ የጀመረ ዓረፍተ ነገር መሃሉ ላይ «በት» አይጨምርም፤ ከሁለቱ አንዱ ይበቃል። ሁለተኛው የዓረፍተ ነገር ርዝመት ነው። አማርኛ «ሄዶ፣ አይቶ፣ ጠይቆ፣ ተመለሰ» እያለ ብዙ ድርጊት በአንድ ግስ ያስራል። ይህንኑ በእንግሊዝኛ በነጠላ ሰረዝ ብቻ ሲያያይዙት ስሕተት ይሆናል። አንድ ድርጊት ሲያበቃ ነጥብ ያድርጉ፣ ወይም «ቢኮዝ» እና «ሶ» በመሳሰሉ ማያያዣዎች ያገናኙት።

ጠንካራ አቋም ማለት «ሁልጊዜ»፣ «ሁሉም ሰው»፣ «በፍጹም» ማለት እንዳይመስልዎት። «ሁሉም ሾፌር ግዴለሽ ነው» ያለ ጸሐፊ በአንድ ጥንቁቅ ሾፌር ይረታል። «ብዙ ሾፌሮች» ይበሉና አቋምዎን በምክንያቱ ያጠንክሩት።

ዋጋውስ? ትልቁ ወጪ ጊዜ ነው። ከ40 ደቂቃው አምስቱን ለማቀድ፣ ሠላሳውን ለመጻፍ፣ አምስቱን ለማረም ይመድቡ። ማቀጃውን የሚዘል ሰው ጊዜ ያተረፈ ይመስለዋል፤ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ የሚለው ሲያልቅበት ይከፍለዋል። ከ250 ቃላት በታች መውረድ ነጥብ ያስከፍላል፤ 400 መጻፍም የተለየ ነጥብ አያስገኝም፣ የሚታረም ስሕተት ያበዛል እንጂ። ለዝግጅት ወረቀት፣ ሰዓትና እንግሊዝኛ የሚያውቅ አንድ አንባቢ ይበቃሉ። የናሙና ጥያቄዎችን የፈተናው ባለቤቶች ራሳቸው በነጻ ያቀርባሉ። በቃል የሚጠና የተዘጋጀ ድርሰት ለሚሸጥልዎ ሰው ገንዘብዎን አይስጡ። አራሚዎች የተሸመደደ ጽሑፍን እንዲለዩ የሠለጠኑ ናቸው፤ ካወቁበትም ውጤትዎ ይወርዳል።

መዝጊያው አጭር ነው። አቋምዎን በሌላ ቃል ይድገሙት፣ ሁለቱን ምክንያቶች በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስታውሱ፣ ያቁሙ። አዲስ ምክንያት ትዝ ካለዎት ይተዉት፤ ለማብራራት ቦታ የለም። በቀሩት አምስት ደቂቃዎች ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ እየፈለጉ ከላይ ወደ ታች ያንብቡ፦ በአማርኛ ራሱን የቻለ ቃል ሆኖ ስለማይመጣ የሚረሳውን «ዘ» የተባለ መስተአምር፣ እና ባለቤቱ «ሂ» ወይም «ሺ» ሲሆን ከግሱ ጫፍ የሚጎድለውን የ«ኤስ» ፊደል።