ለጆሮ የሚጻፍ ተውኔት፤ ስለ ሬዲዮ ድራማ ቃላትና አጻጻፍ

የሬዲዮ ድራማ ከመድረክ ተውኔት የተወለደ እንደ መሆኑ መጠን የእናቱን ቃላት ይዞ አድጓል። ገቢር፣ ትዕይንት፣ ትርኢት፣ መጋረጃ፣ ተመልካች የሚሉት ቃላት ለመድረክ የተስማሙ ናቸው፤ አብዛኞቹም የተበጁት ለዐይን ነው። ሬዲዮ ግን የሚያየው ዐይን የለውም። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንወደው፣ የዚህ ጥበብ ስያሜ ከጆሮ ካልተነሣ የደራሲውም የተርጓሚውም ብዕር መንገድ እንደሚስት፣ አማርኛም ለዚሁ ሥራ የሚያስፈልገውን ብዙ ነገር ከራሱ ጎተራ ሊያወጣ እንደሚችል ነው።

ትርኢት የሚለውን ቃል እንመልከት። የቃሉ ምንጭ ግእዙ «ርእየ» ሲሆን ትርጉሙ «አየ» ማለት ነው። ደራሲው ሥራውን እንደ ትርኢት ሲያስበው «ሰውየው በሐዘን ወደ መስኮቱ ይመለከታል» ብሎ ይጽፋል። ይህ መመሪያ በመድረክ ላይ ሕይወት አለው፤ በማይክሮፎን ፊት ግን ተዋናዩ ሊፈጽመው፣ አድማጩም ሊቀበለው አይችልም። አንባቢ ያልገባውን ገጽ ገልጦ ይመለስበታል፤ አድማጭ ግን ያመለጠውን ቃል ተከትሎ ሊሮጥ አይችልም። ይህን ስንል የለመድነውን ቃል ሁሉ እንጣል ማለታችን አይደለም። ትዕይንት በጽሑፍም በንግግርም የጸና ቃል ስለሆነ፣ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ ከነባሩ ፍቺ ቀጥሎ «በሬዲዮ ድራማ፣ በአንድ ቦታና በአንድ ጊዜ ሲፈጸም የሚሰማ የታሪክ ክፋይ» የሚል ፍቺ ቢጨምርበት ይበቃል። ክፍል የሚለውን ደግሞ በተከታታይ ድራማ በአንድ ስርጭት ለሚቀርበው እንተውለት።

ስለ ጆሮ ጥበብ ስናነሣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 15 ቀን 1924 በቢ.ቢ.ሲ. የቀረበውን የሪቻርድ ሂዩዝ «አደጋ» የተባለ አጭር ድራማ መጥቀስ ይገባል። በቀጥታ ለሬዲዮ ከተጻፉት ድራማዎች የመጀመሪያው እንደ ሆነ በብዙዎች ዘንድ ይታወቃል። አንድ ወጣት፣ አንዲት ወጣት ሴትና አንድ ሽማግሌ በዌልስ ምድር የከሰል ማዕድን ጉድጓድ ሲጎበኙ መብራት ይጠፋባቸዋል። ደራሲው ሰዎቹን ጨለማ ውስጥ በማስገባቱ ባለታሪኩና አድማጩ እኩል ሆኑ፤ ሁለቱም በጆሯቸው ብቻ ያያሉ።

ይህን ድራማ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ምን እንደሚገጥመው እናስብ። በእንግሊዝኛ ወጣቱም፣ ሴቲቱም፣ ሽማግሌውም የሚጠሩት በአንድ ተውላጠ ስም ነው። በአማርኛ ግን «አይዞህ»፣ «አይዞሽ»፣ «አይዞዎት» አለ። ከጨለማው ውስጥ «አይዞሽ» የሚል ድምፅ ብቻ ቢሰማ፣ የተነገራት ሴት መሆኗንና ተናጋሪው የሚቀርባት መሆኑን አድማጩ ስሟ ሳይጠራ ያውቃል። «አይዞዎት» ከተባለም አክብሮት የሚገባው ሰው በአጠገብ መኖሩ ይታወቃል። ይህ የቋንቋችን ጸጋ ነው፤ ነገር ግን ዕዳም አለበት። ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መውረድ በአማርኛ ራሱን የቻለ ድርጊት ነው። ተርጓሚው ማን ማንን እንደሚያከብርና አክብሮቱ መቼ እንደሚፈርስ ከሙሉው ድርሰት ሳያጠና ከጀመረ፣ ደራሲው ያላሰበውን ጠብ በአንዲት ፊደል ያስነሣል።

ከቃለ ተውኔቱ ቀጥሎ የሚመጣው የድምፅ ነገር ነው። በስቱዲዮ ውስጥ «ኢፌክት» የሚለው የውጭ ቃል የድምፅን ልዩ ልዩ አገልግሎት በአንድነት ጠቅልሎ ይዟል። እኛ ሁለቱን ለይተን፣ ታሪኩን የሚያራምደውን ነጋሪ ድምፅ፣ ቦታውንና ስሜቱን የሚያደምቀውን ደግሞ አጃቢ ድምፅ ብንለው የሚሻል ይመስለናል። የበር ሲጢጥታ አንድ ሰው መግባቱን ከነገረን ነጋሪ ነው፤ የገበያ ሁካታ ከንግግሩ ሥር ሲሰማ አጃቢ ነው። ለዝርዝሩም አማርኛ «አለ» ከሚለው ግሥ ጋር የሚጣመሩ ብዙ ቃላት አሉት፤ ኮሽ አለ፣ ሲጢጥ አለ፣ ጠብ ጠብ አለ፣ ቅጭል አለ፣ ቿ አለ፣ ጭር አለ። «ኮሽ» የሚለው አንድ ቃል፣ አንድ የማይታይ ነገር በቅጠል ወይም በሣር ውስጥ በቀስታ መንቀሳቀሱን ያስረዳል። እነዚህን ቃላት የድምፁ ምንጭ፣ ብርታትና ቆይታ ተገልጾ ለብቻ ቢሰበሰቡ ለደራሲም ለድምፅ ባለሙያም ትልቅ መሣሪያ ይሆናሉ።

ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን ባለመለየቱ የሚደርሰውን ችግር ደግሞ ከሬዲዮው ከራሱ ግሥ እንረዳለን። «ሰውየው ከውጭ ይሰማል» የሚለው መመሪያ፣ «ሰ»ና «ማ» ላልተው ሲነበቡ ሰውየው ሌላውን ያዳምጣል ማለት ነው፤ ጠብቀው ሲነበቡ ግን የእሱ ድምፅ ለሌላው ይደርሳል ማለት ነው። በአንደኛው ተዋናዩ ዝም ይላል፤ በሁለተኛው ይናገራል። «ገና ነው» የሚለውም ላልቶ ጊዜው አልደረሰም፣ ጠብቆ የልደት በዓል ነው የሚል ትርጉም ይሰጣል። ስለዚህ ለንባብ የሚሰጥ ድርሰት በሚያሻማው ፊደል ላይ የማጥበቂያ ነጥብ ቢደረግበት፣ ወይም «የሰውየው ድምፅ ከውጭ ይመጣል» ተብሎ ዐረፍተ ነገሩ ቢለወጥ ይመረጣል።

የባለሙያዎቹ መጠሪያም ጥንቃቄ ይሻል። «ድምፃዊ» ለዘፋኝ የተሰጠ ስለ ሆነ በድምፁ ብቻ ለሚተውን ሰው ልንሰጠው አንችልም፤ «የድምፅ ተዋናይ» ማለት ይቀላል። «አዘጋጅ» በትያትር ቤት ተውኔቱን የሚመራው ሲሆን፣ በሬዲዮ ደግሞ ፕሮግራሙን የሚያሰናዳው ነው። በሬዲዮ ድራማ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ክፍል ስለሚገናኙ፣ የድራማ አዘጋጅና የፕሮግራም አዘጋጅ ብሎ መለየት ግድ ይሆናል።

በመጨረሻም ድራማውን ለአድማጭ ስለ ማድረስ ጥቂት እንበል። ማስታወቂያ አንድን ነገር ያሳውቃል፤ ማስተዋወቂያ ግን ሰውን ከሰው ያገናኛል። አድማጩን ከባለታሪኮች ጋር የሚያገናኘው ሁለተኛው ስለ ሆነ፣ ለድራማ የሚስማማው ስም እሱ ነው። ከመጪው ክፍል ተቀንጭቦ የሚሰማውን ቅንጭብ ደግሞ ቅምሻ ብንለው ደስ ይለናል። መልካም ቅምሻ ልብ ሰቀላውን ያሰማል እንጂ ቋጠሮውን አይፈታም፤ አድማጩ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ስለማይጠብቅም ቀኑንና ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ይናገራል። ርእሱም በጆሮ ተሰምቶ የሚያዝ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በአማርኛ በ257 ክፍሎች የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። ቅኝት ክራር ማስተካከልም፣ አካባቢን ዞሮ ማየትም ነው። ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመለስ ግን አብዛኛውን ጊዜ «የዕለት ኑሮን መቃኘት» የሚለው ብቻ ይተርፋል፤ የክራሩ ድምፅ ይቀራል።

ያቀረብናቸው ስያሜዎች ለውይይት የሚሆኑ ናቸው። ተርጓሚዎች በሥራ ላይ ቢፈትኗቸው፣ የቋንቋ ሊቃውንትም ቢያርሟቸው እናመሰግናለን። ከመወሰናችን በፊት ግን እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብለን እናንብበው፤ ዐይናችንን ጨፍነን ስናዳምጠው ካልገባን ለዚህ ጥበብ አይሆንም።