በጋምቤላ ቆላ ያረጀ የናፍጣ መኪና ብዙ ዘመን እንዲያገለግል ስለ መጠበቅ

በደጋ አገር የመሥሪያ ቤት መኪና ቢሰበር፥ ዘሩም የከብቱም መድኃኒት በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ከገበሬው ዘንድ ይደርሳል። በጋምቤላ ቆላ ግን እንዲህ ያለው መጠጊያ እምብዛም የለም፤ በባሮና በአኮቦ ወንዞች አካባቢ ገንዲን የምታስተላልፈው ዝንብ ስላለች የጭነት ከብት በደጋ እንደሚበረክት በዚያ አይበረክትም። መለዋወጫውም ዕቃ በአብዛኛው የሚመጣው ከአዲስ አበባ፥ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው። ስለዚህ በዚያ አገር አንድ መኪና ቆመ ማለት፥ የከብቱ ክትባት ጊዜው አለፈ፥ ምጥ የጠናባትም ሴት ከሐኪም ፊት ሳትደርስ ቀረች ማለት ሊሆን ይችላል።

የጋምቤላ ሰው የመጓጓዣን ነገር አስቀድሞ የተማረው ከወንዙ ነው። ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በ1894 ዓ.ም. ባደረጉት ውል፥ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲሆን ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ተፈቅዶ ነበር። በዚያ ዘመን የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እየመጡ ጨውና ጨርቅ አራግፈው ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ነገር ግን መርከቡ የሚደርሰው ባሮ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነው፤ ውሃው ሳይጐድል ያልተመለሰ እንደ ሆነ አሸዋ ላይ ተቀምጦ የሚመጣውን ክረምት መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። መኪና የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ለመርከቡ መልካም የነበረው ወራት ለመኪናው የጭቃ ወራት ነው። ሕጉ ግን አንድ ነው፤ ወራቱን አስቀድሞ ያሰበ ይሻገራል፥ ያላሰበ መንገድ ላይ ይቀራል።

ያረጀ መኪና ስላረጀ ብቻ አይሞትም። በጋምቤላ የሚገድሉት ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ውሃ፥ ሙቀትና አቧራ ናቸው።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በኤሌክትሪክ ብልጭታ አይነድም። አየሩን በብርቱ ጨምቆ ያግለዋል፤ በጋለው አየር ላይ ናፍጣው በፖምፓ ተገፍቶ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። በብዙዎቹ አሮጌ ሞተሮች ይህን ፖምፓ የሚያለሰልሰው የሚያልፍበት ናፍጣ ራሱ ነው። ስለዚህ ከናፍጣው ጋራ ውሃ የገባ እንደ ሆነ ብረቱ ይዝጋል፥ ይበላልም። በበርሜል የሚቀመጥ ናፍጣ ከዝናምና ከፀሐይ ይጠለል፤ ከመቀዳቱም በፊት አንድ ቀን ሳይነቃነቅ ይረፍ። ውሃ ከናፍጣ ይከብዳልና ከሥር ይዘቅጣል፤ ዝቃጩ ወደ መኪናው አይገልበጥ። ማታ የመኪናው ናፍጣ ማጠራቀሚያ ሞልቶ ቢያድር መልካም ነው፤ ጐደሎ ያደረ እንደ ሆነ በውስጡ ያለው ርጥብ አየር ሌሊት ወደ ውሃ ይለወጣል። ከናፍጣው ፊልትሮ በታች ያለውም የውሃ ማውጫ በበጋ በየሳምንቱ፥ በክረምት በየማለዳው ይከፈት።

ባሮ ሲሞላ በላሬና በጂካዎ በኩል ሜዳው ይጥለቀለቃል። ሞተሩ በጥልቅ ውሃ ውስጥ የጠፋ እንደ ሆነ ሾፌሩ ደግሞ ሊያስነሣው አይሞክር። ውሃ እንደ አየር አይጨመቅምና፥ ወደ ሲሊንደር የገባ እንደ ሆነ ፒስተኑን የያዘውን ዘንግ ያጣምመዋል። መኪናው ተጐትቶ ይውጣ፥ መካኒክም ይየው። በደኅና የተሻገረም ቢሆን የካምቢዮውና የዲፈረንሻሉ ዘይት ይመርመር፤ ወተት እንደ ተጨመረበት ቡና የሆነ ዘይት ውሃ ገብቶበታልና ይለወጥ።

ስለ ሙቀት፥ የጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ናት፤ በመጋቢት ሙቀቱ እስከ 40 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። በረዥም ሣር መካከል የሚሄድ መኪና ራዲያተሩ በሣር ፍሬና በነፍሳት ይደፈናልና፥ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ በውሃ ይታጠብ። በውስጡ የደፈረሰ የወንዝ ውሃ አይጨመር፤ የተጣራ ውሃ ከዝገት መከላከያው ጋራ ይሁን። ክዳኑም ሞተሩ ሳይበርድ አይከፈት፥ ሰው ያቃጥላልና። ከጎሬ በኩል ወደ ቆላው ሲወረድ ፍሬን ብቻ ታምኖ አይወረድ፤ እጅግ የጋለ ፍሬን አይይዝም። ሞተሩ እንዲያግዝ በከባድ ማርሽ ይወረድ።

አቧራ በበጋ ከአየር ጋራ ወደ ሞተሩ የገባ እንደ ሆነ፥ ከዘይቱ ጋራ ተቀላቅሎ ሲሊንደሩን እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል። የወረቀት የአየር ፊልትሮ በውሃ አይታጠብም፤ ተራግፎ ይመለሳል፥ ሲያረጅ ይለወጣል። የሞተሩ ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፥ ሥራው ሲከብድም ከዚያ ቀደም ብሎ ይለወጥ። ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ቺንጋ መቼ እንደ ተለወጠ የሚያውቅ ሰው ከሌለ እንዳልተለወጠ ይቈጠር፤ እየሄደ ቢበጠስ ፒስተንና ቫልቭ ተጋጭተው ሞተሩ ሊጠፋ ይችላልና።

መካኒክ ያልሆነ ሹም እንኳ ከጢሱ ብዙ ሊረዳ ይችላል። ጥቁር ጢስ አየር ማነሱን ወይም ናፍጣ መብዛቱን፥ ሰማያዊ ጢስ ሞተሩ ዘይት መብላቱን ያመለክታል። ነጭ ጢስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ እንደ ሆነ ናፍጣው በሚገባ አለመንደዱን ወይም ውሃ ወደ ሲሊንደሩ መግባቱን ያሳያል።

ይህን ሁሉ ግን ሾፌሩ ብቻውን ሊፈጽመው አይችልም፤ የፊልትሮውን መግዣ የሚፈርመው አስተዳዳሪው ነውና። የመንግሥት የበጀት ዘመን የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው፤ የጋምቤላ ዝናም ግን ከዚያ በፊት በሚያዝያና በግንቦት ይጀምራል። አዲሱን በጀት የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ዕቃውን የሚገዛው መኪናው ጭቃ ውስጥ ከቆመ በኋላ ነው። ስለዚህ ፊልትሮው፥ ዘይቱ፥ ቺንጋውና ጎማው ከበጀቱ ላይ አስቀድሞ ተከፍሎ ተይዞ፥ በየካቲትና በመጋቢት ይገዛ። የእርሻ ባለቤትም መኪናውን በዚሁ ወራት ያሠራ።

ለእያንዳንዱም መኪና አንድ መዝገብ ይከፈትለት፤ ቀኑ፥ ኪሎ ሜትሩና የተለወጠው ዕቃ ይጻፍበት፥ አስተዳዳሪውም በየወሩ አይቶ ይፈርምበት። ሾፌር ይለወጣል፥ ሹምም ይሻራል፤ መዝገቡ ግን ከመኪናው ጋራ ይኖራል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው፤ በመጋቢት የተገዛ አንድ ፊልትሮ በነሐሴ አንድ ፖምፓ ያድናልና።