ስም የሌለው መንገደኛ፦ መቼት የሰውን ትንሽነት እንዴት ይገልጻል?



ስለ መቼት ስንናገር ብዙውን ጊዜ ድርጊቱ የተፈጸመበትን ጊዜና ቦታ ጠቅሰን እናልፋለን። ዛሬ መቼት የሰውን ልክ የሚለካበትን አንድ ሥራ ብቻ ይዤ ቀርቤአለሁ። ሥራው አሜሪካዊው ደራሲ ጃክ ለንደን እ.ኤ.አ. በ1908 ያሳተመው፣ «እሳት ለማንደድ» ብለን ልንተረጉመው የምንችለው አጭር ልብ ወለድ ነው።

አንድ ሰው ውሻውን አስከትሎ በካናዳ ዩኮን ምድር ጓደኞቹ ወደ ሰፈሩበት ካምፕ ይጓዛል። ብርዱ ከዜሮ በታች 75 ዲግሪ ፋራናይት ነው፤ በእኛ አለካክ ከዜሮ በታች 59 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መሆኑ ነው። ከበረዶው ሥር የተሸሸገ ውሃ እግሩን ያርሰዋል፤ እሳት ካላነደደ መሞቱ ነው። ደራሲው ለወንዙም ለጅረቱም ስም ሲሰጥ ሰውየውን ግን ስም ነፍጎታል።

ተማሪዎቼ በፈተና ወረቀት ላይ «ተፈጥሮ የሰውየው ጠላት ናት» ብለው ይጽፋሉ። እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ አስተምሬ ነበር፤ ዛሬ አልስማማበትም። ጠላት እኮ ያውቃችኋል፤ ይፈልጋችኋል። ያ ብርድ ግን የሰውየውን መኖር እንኳ አያውቅም። እሳቱ የጠፋበትን ሁኔታ ልብ በሉ። ሰውየው ጭራሮ መልቀም እንዲቀለው እሳቱን ያነደደው ከዛፍ ሥር ነው። ለሳምንታት ነፋስ ስላልነፈሰ ቅርንጫፎቹ በረዶ ተሸክመዋል። ጭራሮ በሳበ ቁጥር ዛፉ ለዓይን በማይታይ መጠን ይነቃነቃል። በመጨረሻ አንዱ ቅርንጫፍ ጭነቱን ጣለ፤ ከሥሩ ያሉትም ተከተሉት፤ እሳቱም ተዳፈነ። የተቆጣ የለም፤ የፈረደም የለም። በእኔ አስተያየት የሰው ትንሽነት ከዲግሪው ቁጥር ይልቅ እዚህ ላይ ይጎላል።

ስለ መትረፍስ? ደራሲው ይህንኑ ታሪክ በ1902 ለወጣቶች መጽሔት ጽፎት ነበር። በዚያኛው ሰውየው ቶም ቪንሰንት ይባላል፤ ውሻ የለውም፤ ከሞትም ይተርፋል። በሁለተኛው ስሙ ጠፋ፣ ውሻው ገባ፣ ሰውየው ሞተ። ከዚህ ተነሥተው «ደመ ነፍስ እውቀትን አሸነፈ» የሚሉ አሉ፤ መዝጊያውን ግን በችኮላ ያነበቡት ይመስለኛል። ውሻው ጌታው መሞቱን ሲረዳ የሚሮጠው ወደ ጫካ አይደለም፤ እሳትና ምግብ የሚሰጡ ሌሎች ሰዎች ወዳሉበት ካምፕ ነው። አስቀድሞ አንድ የአገሩን ብርድ የሚያውቅ ሽማግሌ፣ ከዜሮ በታች 50 ካለፈ ማንም ብቻውን እንዳይጓዝ መክሮት፣ ሰውየው ስቆበት ነበር። በረዶው ላይ ተቀምጦ ሊያሸልብ ሲል የሚያናግረው ያንን ሽማግሌ ነው፤ ልክ ነበርህ ይለዋል።