የእንጦጦ ባሕር ዛፍና የከተማው ማገዶ

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ያለው ዳገት ከሩቅ ለሚያየው ጥቅጥቅ ያለ ደን ይመስላል። ቀርቦ ለሚመረምረው ግን ከዛፎቹ ሥር ያለው መሬት በብዙ ስፍራ የተራቆተ ነው። ዛፍ ቆሞ ሳለ አፈር ስለምን ይታጠባል? ይህ ጥያቄ ለመምህሩም ሆነ ለዕቅድ አውጪው ተገቢ መነሻ ነው።

እንደሚታወቀው የእንጦጦ የጽድና የወይራ ደን በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቆረጠ ተመናመነ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላም የእንጨቱ እጥረት ስለ በረታ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ከተማዋን በስፍራዋ ካጸኗት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ መጨረሻ ግድም የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ፈጥኖ ያድጋል፤ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ቅጠሉንም ከብት አይበላውም።

በዚህ ዛፍ ላይ የሚሰነዘረው ነቀፌታ ብዙውን ጊዜ በውኃ ፍጆታው ላይ ያተኩራል። በእንጦጦ ግን ከዚያ የማያንስ ክብደት ያለው የቅጠሉ ጉዳይ ነው። የረገፈ ቅጠል የዝናቡን ምት ያበርዳል፤ ውኃውም እየዘገየ ወደ መሬት እንዲሰርግ ያደርጋል። ነገር ግን ዘይታማና ፈጥኖ የሚነድ በመሆኑ ለእንጀራ መጋገሪያ ተመራጭ ነው፤ ስለዚህም ተጠርጎ ይወሰዳል። ከባሕር ዛፍ ሥር ሣርና ቁጥቋጦ እምብዛም ስለማይበቅል የክረምቱ ዝናብ የሚያርፈው በባዶ አፈር ላይ ነው፤ አፈሩም በየሸለቆው ታጥቦ ወደ ቀበና ወንዝ ይወርዳል። ግንዱን ብቻ የሚጠብቅ ጥበቃ አፈሩን አልጠበቀም ማለት ነው።

ቅጠሉንና ጭራሮውን የሚያወርዱት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። በጀርባቸው የሚሸከሙት ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም በላይ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በከተማዋ ዙሪያ የማገዶ ደን ሲተከልና ጥበቃው ሲጠብቅ ሌላ መተዳደሪያ ያልነበራቸው እነዚህ ሴቶች ሥራውን አልተዉም፤ ከዘበኞች ጋር መጋጨት ግን የኑሯቸው ክፍል ሆነ።

ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን በግማሽ ያህል ይቆጥባል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ከነአካቴው ያስቀረዋል። ሆኖም ለገዢው ቁጠባ የሆነው ለተሸካሚዋ የገቢ መቀነስ ነው፤ በዕቅድ ሰነዶች ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋውም ይኸው ነው። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት ከተሸካሚዎቹ መካከል ሥራ ያገኙ አሉ፤ ሁሉንም ሊያቅፍ ግን አይችልም። ባሕር ዛፉን በአንድ ጊዜ መንጥሮ በጽድ መተካትም መፍትሔ አይሆንም፤ ጽድ እስኪደርስ ዐሥርት ዓመታት ይፈጃልና። ቀጥ ባለው ዳገት ላይ ቅጠሉ እንዳይጠረግ መከልከል፣ በለዘብተኛው ተዳፋት ላይ ደግሞ የአካባቢው ነዋሪዎች በተራ እንዲቆርጡ መፍቀድ ይሻላል።

ነገሩን በኮተቤና በአካባቢው ባሉ ትምህርት ቤቶች በቀላሉ መፈተን ይቻላል። በአንድ ተዳፋት ላይ እኩል ስፋት ያላቸው ሁለት መደቦች ይከለላሉ፤ የአንዱ ቅጠል ይጠረጋል፤ የሌላው ይተዋል። ከእያንዳንዱ ዝናብ በኋላ በግርጌያቸው በተቀበሩ ጣሳዎች የተጠራቀመው ደለል ደርቆ ይመዘናል። ተማሪዎቹም በዚያው ሳምንት በየቤታቸው ለእንጀራ መጋገሪያ የነደደው ምን እንደሆነና ከማን እንደተገዛ ጠይቀው ከሚዛኑ ጎን ይመዘግባሉ።