ስለ አሮጌ ላፕቶፕና ስለ አዲስ ዲስክ

በዛሬ ጊዜ የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ፥ የልጆች የትምህርት ማስረጃ፥ የሞቱ ወላጆች ድምፅ ሳይቀር የእጅ መዳፍ በምታህል ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ስለዚህ ይህችን ዲስክ ከአሮጌ ላፕቶፕ ጋራ ማስማማት የባለሙያ ጉዳይ ብቻ ሳይኾን የቤት አስተዳደርም ጉዳይ መኾኑን ለአንባቢዎቻችን ማስታወስ ወደድን።

ዊንዶውስ ኤክስፒ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 የወጣ ነው። በብዙ አዳዲስ ዲስኮች ላይ የሚገኘው ኤክስፋት የተባለው የፋይል አደራደር ግን የመጣው በ2006 ነው። እንግዲህ አሮጌው ላፕቶፕ ከእርሱ በኋላ የመጣውን ስለማያውቅ፥ ዲስኩ በተሰካ ጊዜ «ይህ ዲስክ ፎርማት አልተደረገም፤ አኹን ፎርማት ይደረግን?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ግእዝ ያልተማረ ሰው የብራና መጽሐፍ ቢሰጡት፥ ማንበብ ስላልቻለ መጽሐፉ ባዶ ነው አይባልም፤ ፎርማት ማድረግ ግን ብራናውን እንደ መፋቅ ነው። ስለዚህ መልሱ «አይኾንም» ሊኾን ይገባል።

ከዚህ በኋላ መድኃኒቱን በተራ መፈለግ ነው። በመጀመሪያ፥ ዲስኩን በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ መመርመር ይገባል፤ በዚያ ከተነበበ ጉድለቱ የላፕቶፑ እንጂ የዲስኩ አይደለም። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ በ2014 ቢያቆምም፥ ኤክስፋትን እንዲያነብ የሚያደርገውን ማሻሻያ በ2009 አውጥቶ ነበር። ይህ ካልተገኘ፥ በዲስኩ ያለውን ኹሉ በሌላ ዲስክ ገልብጦ፥ ግልባጩም በደኅና መከፈቱን አይቶ፥ ከዚያ ወዲያ ዲስኩን በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ማድረግ ይቻላል፤ ኤክስፒ ይህን ያነባል፥ ይጽፍበታልም። ፋት 32 የተባለውንም ያውቃል፤ ነገር ግን በዚህኛው አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት መብለጥ ስለማይችል ረዥም የሰርግ ቪዲዮ አይገባበትም።

ኹለተኛ፥ የዲስኩን መጠን ማወቅ ነው። ከ2 ቴራባይት የሚበልጥ ዲስክ ብዙ ጊዜ ጂፒቲ በሚባል አከፋፈል የተሰናዳ ነው፤ የተለመደው ባለ 32 ቢት ኤክስፒ ግን ይህን አያነብም። ለእንዲህ ያለ ላፕቶፕ ከ2 ቴራባይት የማይበልጥ፥ በኤምቢአር የተከፈለ ዲስክ ይሻላል።

ሦስተኛ፥ ኀይሉን ማየት ነው። የዩኤስቢ 2 መሰኪያ እስከ 500፥ የዩኤስቢ 3 መሰኪያ እስከ 900 ሚሊአምፔር እንዲሰጥ ተወስኗል። አዲሱ ዲስክ በአሮጌው መሰኪያ ይሠራል፥ ፍጥነቱ ግን ያንሳል፤ ኀይል ሲያንሰውም ጠቅ ጠቅ እያለ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ በቀጥታ በላፕቶፑ ላይ፥ ወይም የራሱ ኤሌክትሪክ ባለው ማከፋፈያ ላይ መሰካት ነው። ድምፁ ካልተወ ግን ዲስኩ ራሱ ተጎድቶ ሊኾን ስለሚችል፥ ወዲያው ነቅሎ ለባለሙያ ማሳየት ይገባል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ አበው፤ ከዲስክ የፈሰሰው ግን ኹልጊዜ አይለቀምም። ስለዚህ የቤት አባትና የቤት እናት የከበረባቸውን ነገር ኹሉ በኹለት ልዩ ልዩ ዲስክ እንዲያስቀምጡ፥ ልጆቻቸውንም ላልገባቸው ጥያቄ «እሺ» ብለው እንዳይመልሱ እንዲያስተምሩ እንመክራለን።