አንድ እሑድ በሮም

ከአሠሪዎቻችሁ ጋር ለበጋ ዕረፍት አውሮፓ የሄዳችሁ ትኖራላችሁ። ሄድን እንላለን እንጂ የምናየው የሆቴሉን ክፍልና የሕፃኑን ጋሪ ነው። እኔም በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ከቤይሩት ሮም ስሄድ ከዚህ ሌላ አልጠበቅሁም ነበር። ማዳም ግን አንድ እሑድ ጠዋት «እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ሂጂ» አለችኝ። ፓስፖርቴ እሷ ቦርሳ ውስጥ ነው።

ሮም ሁለት ጓደኞች አሉኝ። ቤይሩት አንድ ሕንፃ ውስጥ ስንሠራ በረንዳ ለበረንዳ እያወራን የተዋወቅን ነን። ዛሬ ሁለቱም አረጋውያን ይንከባከባሉ። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ተገናኘን፤ ለቅሶው ረጅም ስለነበር ልለፈው። ቡና ልንጠጣ ገብተን ልቀመጥ ስል ጎተቱኝ። እዚያ አገር ባንኮኒው ጋ ቆሞ የሚጠጣ በርካሽ ይጠጣል፤ ለተቀመጠ ዋጋው ይጨምራል። «ማኪያቶ» ስል ሰውየው ወዲያው ገባው፤ የመጣችልኝ ግን በሁለት ጉንጭ የምታልቅ ሚጢጢ ነች። ቋንቋቸውን ሳልማር ግማሹን አውቀው ኖሯል፤ ቦርሳ፣ ካልሲ፣ ፎርኖ፣ ፒያሳ። ውሃ ደግሞ አትግዙ። በየመንገዱ ዳር «ትልቅ አፍንጫ» የሚሏቸው የብረት ቧንቧዎች ቀን ከሌት ቀዝቃዛ ውሃ ያፈሳሉ። አፉን በጣት ሲደፍኑት ከላይ ባለው ቀዳዳ ሽቅብ ይፈናጠራል፤ ቀሚሴን ያረጠብኩት ይህን ሳላውቅ ነው።

ከሁሉ በፊት ማየት የፈለግሁት ግን የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን አደባባይ ነው። ፋሺስቶች በወረራው ዘመን ወስደው እዚያ አቆሙት፤ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዳግም ቆመ። አበበ ቢቂላ በኦሎምፒኩ በባዶ እግሩ በዚያ ሲያልፍ ሐውልቱ ገና ሮም ነበር። እዚያ አካባቢ ሲደርስ ነው ፍጥነት ጨምሮ ሞሮኳዊውን ተፎካካሪውን ጥሎ የሄደው። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ፣ በቆንስጣንጢኖስ ቅስት ሥር ጨረሰ። ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! እኛም ከአደባባዩ እስከ ቅስቱ በእግራችን ሄድን። አንዷ ጓደኛዬ «እንደ አበበ» ብላ ጫማዋን አወለቀች፤ አስፋልቱ እሳት ነበርና አሥር እርምጃ ሳትሄድ መልሳ አጠለቀች። ኮሎሲየም እዚያው አጠገብ ነው፤ ሰልፉን አይተን ከውጭ ተነሣን።

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ተርሚኒ አካባቢ ካሉት የሀበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ገባን። ሽሮና ጥብስ በላን። ስንጨርስ ሳላስበው ትሪውን አንሥቼ ወደ ጓዳ ስሄድ አስተናጋጇ ከእጄ ተቀበለችኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ለስንት ዓመት ሌላ ሰው ያነሣልኝ ማዕድ እንዳልነበረ ያኔ ታወቀኝ።

ጓደኞቼ ስለ ሥራ ውላቸው አወሩኝ። እሑድ ሙሉውን፣ ሐሙስ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ዕረፍት ናቸው። በዓመት 26 የሥራ ቀን ከነደመወዙ ፈቃድ፣ ለገና አሥራ ሦስተኛ ደመወዝ አለ። «እነሱም ጳጉሜን አላቸው ማለት ነው» አልኩ።

«ታዲያ ለምን ትመለሻለሽ?» አለች አንዷ። ሌላዋ ተቆጣቻት። «አራት ዓመት ያለ ወረቀት የኖርኩት እኔ ነኝ። እናቴ ስትሞት መሄድ አልቻልኩም። ወረቀት ያገኘሁት በ2012 ዓ.ም. መንግሥት ለቤትና ለእርሻ ሠራተኞች በር ሲከፍት ነው፤ ያ በር መቼ እንደሚከፈት ማን ያውቃል?» ዝም አልን። ቡናው ሦስተኛው ላይ ነበር። ልጄ አዲስ አበባ አያቷ ዘንድ ናት፤ በየሁለት ዓመቱ ፈቃድ ስወጣ አያታለሁ። እሷን ሳስብ የጓደኛዬ እናት መጣችብኝ፤ ስለዚህ ተነሣሁ።

ሆቴል ስደርስ 2 ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ማዳም «በላሽ?» አለችኝ፤ ሕፃኑንም ሰጠችኝ።

ቤይሩት ተመልሰን በሳምንቱ፣ በየእሑዱ እንድወጣ ጠየቅኋት። ጠይቄ አላውቅም ነበር። «እናያለን» አለችኝ። በወሩ ደግሜ ጠየቅኋት። አሁን ከወር ሁለት እሑድ እወጣለሁ፤ ስለ ሌሎቹ ሁለቱ ገና እየተነጋገርን ነው።