ደመና ከላይ፣ ቆርቆሮ ከታች

ሐምሌ ላይ ከቀትር በኋላ የመካነ ሰላም ሰማይ ቶሎ ይጠቁራል። ከአባይ ሸለቆ የሚነሳው ሞቃትና እርጥብ አየር ከ2500 ሜትር በላይ ወደሚገኘው የቦረና ደጋ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ደመናው ይከመራል፣ ነጎድጓዱ ይከተላል። ከወግዲ እስከ ለጋምቦ፣ ከከለላ እስከ አማራ ሳይንት ያለ ገበሬ ይህን ሰዓት ያውቀዋል፤ ከብቱን ይሰበስባል፣ ልጆቹን ከዛፍ ሥር ይጠራል። መብረቁ ከመውረዱ በፊት ግን በመሬቱ፣ በዛፉና በቆርቆሮው ውስጥ ሌላ ሥራ ሲሠራ ቆይቷል።

ደመናው ውስጥ ቀላል የበረዶ ቅንጣቶችና ከበድ ያሉ የበረዶ ፍሬዎች ይጋጫሉ። ቀላሎቹ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዘው ከነፋሱ ጋር ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከባዶቹ ኔጌቲቭ ሆነው ታች ይቀራሉ። ስለዚህ የደመናው ግርጌ አብዛኛውን ጊዜ ኔጌቲቭ ነው። ኔጌቲቭ ኔጌቲቭን ስለሚገፋ በመሬቱ ገጽ ላይ የነበሩ ኤሌክትሮኖች ይሸሻሉ፤ ገጹ ፖዘቲቭ ሆኖ ይቀራል። ደመናው መሬቱን አልነካውም፤ የሰጠውም ቻርጅ የለም። በመሬቱ ውስጥ የነበረውን ብቻ አፈናቀለው። የፊዚክስ ሰዎች ይህን ኤሌክትሮስታቲክ ኢንደክሽን ይሉታል።

ነገሩን በዓይን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አየሩ በሚደርቅበት በጥር ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ በጎኑ ይጋደም። የፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጭ በሱፍ ባና ደህና ተደርጎ ይታሽና፣ ጣሳውን ሳይነካ ይጠጋ። ጣሳው ይንከባለላል፤ ቧንቧው ወደ ኋላ ባለ ቁጥር ይከተለዋል። ቧንቧው ከሱፉ ኤሌክትሮን ወስዶ ኔጌቲቭ ሆኗል። በብረት ውስጥ ኤሌክትሮኖች እንደ ልብ ስለሚንቀሳቀሱ የጣሳው ኤሌክትሮኖች ወደ ማዶኛው ጎን ይሸሻሉ፤ ለቧንቧው የቀረበው ጎን ፖዘቲቭ ይሆናል። የቀረበው ጎን ስበት ከራቀው ጎን ግፊት ስለሚበረታ ጣሳው ይሳባል። በድምሩ ግን ምንም አላገኘም፣ ምንም አላጣም፤ ቧንቧው ሲርቅ ኤሌክትሮኖቹ ወደየቦታቸው ይመለሳሉ።

ጣሳው ቻርጅ ይዞ እንዲቀር አንድ ነገር ይጨመር። በደረቅ ጀሪካን ላይ ይቀመጥና ቧንቧው እንደተጠጋ በጣት ይነካ። የተገፉት ኤሌክትሮኖች በሰውየው ገላ በኩል ወደ መሬት ይወጣሉ። መጀመሪያ ጣቱ፣ ቀጥሎ ቧንቧው ይነሳ፤ ጣሳው አሁን በእርግጥ ፖዘቲቭ ሆኗል። ቧንቧው ከቀደመ ግን ኤሌክትሮኖቹ በመጡበት ይመለሳሉ፣ ሙከራውም ይከሽፋል። እንግሊዛዊው መምህር ጆን ካንተን በኢንደክሽን ላይ ያደረጋቸውን ሙከራዎች የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1753 ነበር።

በቋሚና ማገር፣ በጭቃ ግድግዳ ላይ ያረፈ የቆርቆሮ ጣሪያ ያው ጣሳ ነው፤ ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ብረት የለውም። ደመና ሲያንዣብብበት ኤሌክትሮኖቹ በዝናብ በራሰው ግድግዳ በኩል ቀስ እያሉ ይወርዳሉ፤ ቆርቆሮው ፖዘቲቭ ይሆናል። ሌላ ቦታ የወደቀ መብረቅ የደመናውን ቻርጅ በቅጽበት ሲያራግፈው፣ ጣሪያው ላይ ተይዞ የነበረው ቻርጅ ይለቀቃል። በእርጥብ ጭቃ ቀስ ብሎ የመጣ በዚያው መንገድ በቅጽበት መመለስ አይችልም፤ በአቅራቢያው ወዳለ ሽቦ ወይም ሰው በብልጭታ ሊዘል ይችላል። በረጅም የኤሌክትሪክ መስመር ላይም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። መብረቅ ቤቱን ሳይነካው ቴሌቪዥን የሚቃጠልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ነጎድጓድ ከመቅረቡ በፊት ሶኬት መንቀል የሚመከረውም ለዚህ ነው።

«ቆርቆሮ መብረቅ ይጠራል» የሚሉ አሉ። ፍርሃታቸው ተገቢ ነው፤ ጥፋቱ ግን የብረቱ አይደለም። መብረቅን የሚያቀርበው ከፍታና ሹልነት ነው፤ ቻርጅ በሹል ጫፍ ላይ ይበረታልና። በኮረብታ ላይ ያለ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ የመስጊድ ሚናራ፣ ብቻውን የቆመ ባሕር ዛፍ፣ በሜዳ ላይ የቆመ እረኛም እንዲሁ። ከደመናው የሚወርደው የቻርጅ ፍሰት ወደ መሬት ሲቃረብ ከእነዚህ ጫፎች ሌላ ፍሰት ሽቅብ ይነሳል። ሁለቱ ሲገናኙ ብዙውን ጊዜ 30000 አምፔር ገደማ ይፈሳል። ነጎድጓድ ባለበት ሜዳ ላይ ጸጉሩ የቆመበት ሰው ቻርጁ በራሱ ገላ ላይ እየተጠራቀመ ነውና ወዲያውኑ ጣሪያው ብረት ወደሆነ መኪና ወይም ጠንካራ ሕንፃ መሮጥ አለበት፤ ዛፍ ሥር በፍጹም።

ቆርቆሮውን ከአደጋ ወደ መከታ የሚለውጠው የመሬት ሽቦ ነው። ከጣሪያው ማዕዘኖች የሚወርዱና የቁርጣቸው ስፋት ቢያንስ 50 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ መስመሮች ጠልቀው ከተቀበሩ ዘንጎች ጋር ይገናኛሉ። ከዚያ በኋላ ቻርጁ የሚመጣበትም የሚሄድበትም ሰፊ መንገድ አለ። በኮረብታ ላይ ተማሪዎችን የሚያሳድር ወይም የሚያስተምር ማንኛውም ባለ ቆርቆሮ ሕንፃ ይህ ሊጓደልበት አይገባም።

በደጋው ላይ አስቸጋሪው አፈሩ ነው። አለት ቅርብ በሆነበት ቦታ አንድ ዘንግ አይበቃም፤ በርከት አድርጎ፣ አራርቆ መቅበርና እርስ በርስ ማገናኘት ያስፈልጋል። ባለሙያው መሬቱ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ የሚለካውም በበጋ መሆን አለበት። በነሐሴ ጭቃ ላይ ጥሩ የሚመስል ውጤት በየካቲት ሊበላሽ ይችላል፤ የመጀመሪያው የበልግ ነጎድጓድ ደግሞ የሚመጣው መሬቱ ገና ሳይርስ ነው።